አባቴ በነሐሱ ሳህን የጠጣው

አባቴን እስር ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ፈጠን ብሎ «ልጅ ነበርሽ እኮ!» ይለኛል። ልጅ እንደነበርኩ አጥቼው ነው? ልጅ መሆኔን ከማንም በፊት ያወቀው ሥራ አስኪያጁ አቶ ኩ ነው። ከሠላሳ ሠራተኛ መሃል እኔን የመረጠኝም ለዚሁ ነው።

ከኮሪያዋ ዴጉ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የፖም እርሻው የሚያልቅበት ኮረብታ ላይ አንድ የልጆች መጫወቻ ቦታ ነበር። ዛሬ ፎቅ ተሠርቶበታል። አባቴ ቻ ዶክሱ የዚያ መጫወቻ መካኒክ ነበር። ክብ የሚዞሩትን ፈረሶች፣ የሚጋጩትን መኪኖች፣ ሰው አንጠልጥሎ ወደ ሰማይ የሚያወጣውን ትልቅ ጎማ ሁሉ የሚያዞረው እሱ ነበር። እኔ እሑድ እሑድ ያለ ቲኬት ስለምገባ በክፍላችን የእኔን ያህል የሚንቀባረር አልነበረም። አብረውኝ ለመግባት ሲሉ እርሳስ የሚሰጡኝ፣ የተጠበሰ ስኳር ድንች የሚያጎርሱኝ ነበሩ። እኔም ዛሬ አንዷን፣ ነገ ሌላዋን እያልኩ አስጎመጃቸው ነበር።

ከአርባ ዓመት በፊት በአንድ የጸደይ ወር መርከቡ መጣ። ባሕር ላይ የሚሄድ መርከብ አይደለም፤ እንደ ዥዋዥዌ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ፣ አርባ ሰው የሚጭን ነው። ትልልቆቹ «አዲስ መርከብ» ይሉታል፤ እኔም አዲስ መሰለኝ። አዲስ አልነበረም። ጃፓን አሥራ አንድ ዓመት ሠርቶ፣ በቃው ተብሎ የተጣለ ነው። ይህን አባቴም ኩም ያውቁ ነበር። እኔ የማውቀው ቀዩ ቀለሙ እንደሚያብረቀርቅ ብቻ ነው።

የሚመረቀው በግንቦት መጀመሪያ፣ በልጆች ቀን ነበር። በዚያ ቀን ልጁን ይዞ የማይወጣ ወላጅ የለም። ለአራት የክፍሌ ልጆች «መጀመሪያ የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ ከጎኔ እናንተ» ብዬ ቃል ገብቻለሁ። የአባቴን ፈቃድ አልጠየቅኩም። አባቴ እኮ ነው፤ እንዴት እምቢ ይለኛል?

በዋዜማው እራት ከበላን በኋላ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ሳለሁ፣ ተኝታለች ብለው አባቴና እናቴ ሲያወሩ ሰማሁ።

«በቀይ ጠመኔ ከበብኩት» አለ አባቴ። «ጠዋት ስገባ ቀለም ቀብተው አጥፍተውታል።»

«ታዲያ ንገራቸዋ!»

«ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው።»

«አቶ ኩስ ምን አሉ?»

«‹የልጆች ቀን ለአንተ ብሎ ለሌላ ቀን አይተላለፍም› አለኝ።»

ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ ኮራሁ። ትምህርት ቤት አስተማሪያችን በቀይ የምትከበው በትክክል የመለስነውን ነው፤ ለተሳሳትነው ጭረት ነው የምታደርገው። ስለዚህ አባቴ መርከቡን አይቶ «ትክክል» ብሎ ከበበው፣ አንድ ምቀኛ ደግሞ አጠፋበት ማለት ነው። የተናደደው ለዚህ ነው ብዬ ተኛሁ። የከበበው ስንጥቅ ነበር። መርከቡን ያንጠለጠለው ክንድ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ነበር።

ጠዋት አባቴ ምግብ አልወርድ አለው። እማዬ ድስቱ ሥር ባረረው ሩዝ ላይ ውሃ ጨምራ አፈላችና፣ ያንን ድፍርስ የሩዝ ውሃ በነሐሱ ሳህን ቀዳችለት። ግጥም አድርጎ ጠጣ። ደገመችው፤ ያንንም ጠጣ። ድስቱን የፈቀፈቅኩት እኔ ነኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ድስቱን የፈቀፈቅኩት እኔ ነኝ።

መጫወቻው ስንደርስ መርከቡ ፊት ጠረጴዛ ተዘርግቶ የአሳማው ራስ ጉብ ብሏል። ከጎኑ የሩዝ ኬክ፣ የደረቀ ዓሣ፣ በትልልቅ ማንቆርቆሪያ ደግሞ ማክጎሊ፣ ያው የሩዝ ጠላችን። እኛ አገር እንኳን አርባ ሰው የሚጭን ማሽን፣ ባለ አንድ በር ሱቅም ያለዚህ አይከፈትም። አሳማው ጥርሱን ገልጦ የሚስቅ ይመስል ነበር። የሚስቅ ራስ ገድ አለው ተብሎ በውድ ይገዛል። አቶ ኩ ክራቫቱን አስተካክሎ በግንባሩ ተደፋ፤ ተነሥቶም አንድ የገንዘብ ኖት አጣጥፎ አሳማው አፍ ውስጥ ወተፈ። ሠራተኛው በተራ በተራ እየሰገደ ሄደ። አባቴ ጋ ሲደርስ ሰልፉ ቆመ።

«ቻ! ምን ይገትርሃል? ስገድ እንጂ!» አለ ኩ።

«ይህ ማሽን የሚፈልገው አዲስ ክንድ ነው፤ ስግደት ምን ያደርግለታል? ዛሬ አይነሣ፣ ጌታዬ። እለምንዎታለሁ።»

አንዱ ሳቅ አለ፤ ወዲያው ዋጠው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አራቱ የክፍሌ ልጆች ከነወላጆቻቸው አጥሩ ጋ ቆመው ያያሉ። ሠራተኛው ሁሉ ይሰግዳል፤ የኔ አባት ብቻ ተገትሮ ይከራከራል። አሳማው ራሱ የሳቀብኝ መሰለኝ።

«አይ ቻ! ዛሬ በግራ ጎንህ ነው የተነሣኸው!» አለ ኩ እጁን እያጨበጨበ። ሰዉ ሳቀለት። አባቴ የብሎን መፍቻውን አንሥቶ በጀርባው ተንሸራቶ መርከቡ ሥር ገባ።

ቲኬት ሻጯ የጁንቴ እናት፣ እኔ እትዬ የምላት፣ እጄን ይዛ ወደ ጠባቧ ክፍሏ ወሰደችኝና የሩዝ ኬክ ሰጠችኝ። እየበላሁ ሳለ ከውጭ ጫጫታ ተነሣ። «አጠጣው! አጠጣው!» ይላሉ፤ ከዚያ ሠላሳ ሰው ባንድ ጊዜ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ በመስኮቱ አየች። እሷም ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋና መስኮቱን ዘጋችው።

«ምንድን ነው እትዬ?»

«አንቺ ብይ። ትልልቅ ሰዎች ሲጫወቱ ነው።»

ብዙም ሳይቆይ በሩ በትከሻ ተገፍቶ ተከፈተ። አባቴ ነው። ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል፤ ዓይኑ ቀልቶ በርበሬ መስሏል። የበሩን ጉበን ስቶ ግድግዳውን ያዘ። የጠላው ሽታ ክፍሏን ሞላው። ክንዴን ጭብጥ አድርጎ ይዞ ጎትቶ አወጣኝ።

«ሚራን! እዚያ መርከብ ላይ እንዳትወጪ! ሰማሽኝ? እግርሽን ነው የምሰብረው!»

አባቴ ጮሆብኝ አያውቅም። ያውም በአራቱ ልጆች ፊት! ደሜ ፈላ። «ሰክረሃል!» አልኩት። «ሰክረሃል፣ ሰካራም ነህ!»

እጁ ላላ። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ ጠረገና እንደ ዓይነ ስውር ወደ ድምፄ ዞሮ «አይደለም እኮ ልጄ...» አለ። አልጨረሰውም። የመርከቡ ደወል ተደወለ። ሰው መሳፈር ጀምሯል። ጥሎኝ ሮጠ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ዴጉ ሁሉ አየው። መሳፈሪያው በር ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ። «አትውጡ! ልጆቻችሁን አውርዱ! ክንዱ ተሰንጥቋል!» ይላል። ፊት ያለችው ሴትዮ ሽታው ሲደርሳት አፍንጫዋን ያዘች።

«ኧረ ይሄን ሰካራም አንሡልን!»

«በልጆች ቀን እንኳ አያፍርም?»

ሁለት ዘበኞች ብብቱን ይዘው ጎተቱት። አንዷ ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞራ «አባትሽ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት።

መርከቡ ሦስት ጊዜ ተወዛወዘ። በአራተኛው ክንዱ ከተሰነጠቀበት ተገነጠለ። ድምፁን አልነግራችሁም። ሰው እንደ እህል ተዘረገፈ። ኮሌታዋ ነጭ የሆነ የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ወገቧ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲያ ቆማ አልሄደችም። ድርጅቱ «እንኳን ሰው አልሞተ» ሲል ከረመ። የሞተ ስለሌለ ደስ ሊለን ይገባ ነበር መሰለኝ!

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ አቶ ኩ መኪናውን አቁሞ ይጠብቀኛል። አብሮት ማስታወሻ የያዘ ሰው አለ። የቻይና ምግብ ቤት ወስዶ በጥቁር ስጎ የተለወሰውን ፓስታ አዘዘልኝ። ያ ፓስታ ለልደት ወይም ፈተና ላለፈ ልጅ ብቻ የሚገዛ ነው። አባቴ ከትናንት ጀምሮ ቤት አልመጣም፤ እማዬ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ናት። እኔ ግን ፓስታው ሲመጣ ሁሉንም ረሳሁት። ውሸት አልናገርም፣ ረሳሁት።

«ሚራንዬ» አለኝ ኩ፣ እንደ አጎት ሆኖ። «አባባ ትናንት ሲቆጣሽ ጠረኑ ምን ምን ይል ነበር?»

«ማክጎሊ ማክጎሊ ይላል።»

«አይዞሽ፣ ብይ። ጠዋትስ ቤት እያላችሁ ነጭ ነገር ጠጥቶ ነበር?»

ሹካዬን አቆምኩ። ሳህኑ ትዝ አለኝ። የጠላውና የሩዙ ውሃ መልክ አንድ ነው፤ ሁለቱም ድፍርስ፣ ሁለቱም እንደዚያ ባለ ነሐስ ሳህን የሚቀርቡ። ክንዴ ገና ያመኛል። ልጆቹ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሲንሾካሾኩብኝ ውለዋል።

«ጠጥቷል» አልኩ። «በነሐሱ ሳህን።»

«ስንት ሳህን?»

«ሁለት። ግጥም አድርጎ።»

«ጎበዝ! እኔ እውነት የሚናገር ልጅ ነው የምወደው» አለና ከራሱ ሳህን ሥጋውን እየለቀመ ጨመረልኝ። ሰውዬው የጻፈውን ወረቀት ገፋልኝ። ኩ አውራ ጣቴን ይዞ ቀይ ቀለም ውስጥ ነከረው፤ ወረቀቱ ላይም ጫን አደረገው።

ከተናገርኩት አንዱ እንኳ ውሸት አልነበረም። ይህ ነው አንጀቴን የሚያሳርረው። ሸትቷል፤ ነጭ ነገር ጠጥቷል፤ ሁለት ሳህን ነው። የሩዝ ውሃ መሆኑን ግን አውቅ ነበር? አውቅ ነበር። ድስቱን ፈቅፍቄዋለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ግን፣ ተናድጄም ስለነበር፣ ለካ ጠላ ኖሯል አልኩ። ራሴን አሳመንኩ። ልጅ እንዲህ ማድረግ አይችልም የሚል ካለ ልጅነቱን የረሳ ነው።

ሰክሮ ብሎን ሳያጠብቅ የቀረ መካኒክ ተብሎ አሥር ወር ታሰረ። ሲወጣ ማሽን የሚያስነካው ጠፋ። ወንዙ ዳር ድልድይ ሥር ብስክሌት እየጠገነ ኖረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እንዳያየኝ በማዶው እዞር ነበር። አይቶኛል፤ ማየቱን አውቃለሁ። አንድም ቀን ግን «ለምን?» አላለኝም። ጠላም አረቄም በፊቴ ሲጠጣ አላየሁም፤ ተደብቆ ነው የሚጠጣው ብዬ ደመደምኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ሞተ። ዓይኔ ደረቅ ነበር።

ባለፈው ዓመት እናቴ ሞተች። ለቀስተኛው መሃል አንዲት ጎባጣ አሮጊት ምርኩዝ ይዛ ገባች። የጁንቴ እናት ናት፤ ሰማንያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የሚያቃጥለውን የለቅሶ ሾርባ አቀረብኩላት። ማንኪያውን አላነሣችም።

«ሚራን፣ እናትሽ እያለች እንዳልናገር ለምናኝ ነበር። አሁን ልናገር።»

«ምኑን እትዬ?»

«አባትሽ ያን ቀን አልጠጣም። መርከቡ ሥር በጀርባው ተኝቶ ብሎን ሲያጠብቅ፣ ኩ ነው ማንቆርቆሪያውን ያነሣው። ማሽኑ ላይ ይረጫል አይደል፣ እንደ ወጉ? ‹ማሽኑም ይጠጣ፣ ቻም ይጠጣ!› ብሎ ሙሉውን ፊቱ ላይ ገለበጠበት። ዓይኑ ውስጥ። ሁሉም ‹አጠጣው› እያለ ሳቀ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ መስኮቱን ዘጋሁብሽ።»

ያ የቀላ ዓይን። ጉበኑን የሳተው። ወደ ድምፄ የዞረው።

«ፖሊስስ ሲጠይቅሽ ምን አልሽ?»

«ሰክሮ ነበር ብዬ ፈረምኩ» አለች ወለሉን እያየች። «ሁላችንም ፈረምን። ሦስት ልጆች ነበሩኝ።»

«እሱም አንድ ነበረችው!» አልኳት። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ሾርባውን ልገለብጥባት አነሣሁት፤ ያቆመኝ ሽበቷ ነው። «ጨርሺው። የቀረሽን ጨርሺው!»

«አምስት ቀን ‹መጠጥ ቀምሼ አላውቅም› እያለ እንቢ አለ። በአምስተኛው ቀን ኩ ያንቺን ወረቀት ይዞ መጣ። እኔ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር። ‹የራስህ ልጅ ጣት ነው፣ ተመልከት። ዛሬ ካልፈረምክ ነገ ከክፍሏ አስወጥቼ እዚህ ፊትህ አስደግማታለሁ› አለው። አባትሽ ያቺን ትንሽ ቀይ ጣት ብዙ ደቂቃ አያት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።»

«ምን?»

«‹ስታናግሯት በልታ ነበር?› አለ። ኩም ‹ፓስታ ጋብዣታለሁ፣ ሳህኑን ልሳለች› አለው። ‹እንግዲያው ስጡኝ› ብሎ ፈረመ።»

እናቴም ታውቅ ነበር። እንዴት አታውቅ? የሩዙን ውሃ የቀዳችው እሷ! እንዳትነግረኝ አስምሏት ነው፣ እድሜ ልኳን አፏን ዘግታ የኖረችው። አዎ፣ በእሱም ተናድጄአለሁ። ማን ፈቀደለት? እኔን ላድን ብሎ ይቅርታ የምጠይቅበትን በር ሁሉ ዘግቶብኝ ሄደ። ኩስ? ኩ በአልጋው ላይ ነው የሞተው፤ አበባው ከአዳራሹ አልፎ እስከ መንገድ ተደርድሮለት። አፈር አይቅለለው!

መጸው ሲገባ የአባቴ የሙት ዓመት ደረሰ። ሁሌም እንደምናደርገው ምግቡ ተደረደረ፣ ፎቶው ቆመ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፎቶው ፊት ባለው ጽዋ መጠጥ የቀዳሁለት በእጄ ነው። ታላቅ አጎቴ ጠርሙሱን አንሥቶ እንደ ልማዱ ተነፈሰ።

«እንካ ወንድሜ፣ ያው የምትወዳትን። እሷው በልታህ ቀረች።»

ጠርሙሱን ከእጁ ነጠቅኩት። ወጥ ቤት ገብቼ ገንዳው ውስጥ እስከ ጠብታዋ ደፋሁት።

«አበድሽ እንዴ?» ጮኸ አጎቴ ተከትሎኝ። «ለሙት መጠጥ ካልተቀዳ ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል! አርባ ዓመት ያለው አልበቃውም? አባቴ መጠጥ አይጠጣም! ሰማህ አጎቴ? ቀምሶ አያውቅም! የሳቀበት ሁሉ ያውቀዋል፣ የፈረመበት ሁሉ ያውቀዋል፣ ከእንግዲህ አንተም እወቀው!»

እኔ ሩዙ የተቀቀለበትን ድስት እሳት ላይ መልሼ ውሃ ጨመርኩበት። ሥሩ ያረረውን ፈቀፈቅኩ፤ ጥፍሬ እስኪያመኝ ፈቀፈቅኩት። ሲፈላ በነሐሱ ሳህን ቀድቼ በሁለት እጄ ፎቶው ፊት አኖርኩት። ቀጥዬ ሁለተኛ ሳህን ቀዳሁ። ሁለት ነበር የጠጣው።

ከዚያ ሰገድኩ። ወጉ ሁለት ጊዜ ሰግዶ መነሣት ነው፤ እኔ በሁለተኛው ግንባሬን ከወለሉ ማንሣት አቃተኝ።

«በልቼ ነበር አባዬ» አልኩት። «አታስብ፣ በልቼ ነበር። ጠግቤ ነው የሸጥኩህ።»